የኬኔልም ዋርድል ሁለተኛ ደብዳቤ

አምብሮዝ ሊንጋርድ ሽርጡን ሳይፈታ ነበር የወጣው። ከቴምዝ ዳር ወደ እስር ቤቱ የሚያወጣውን ጠባብ መንገድ በክርኑ እየከፈተ ሲሮጥ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ተሳለቁበት።

«ኧረ ይኼን ቀለም የተደፋበት ማን አባረረው?»

«ሚስቱ ናታ! እጁን ሳይታጠብ ነክቷት ነው!»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣላቸውም ነበር። ያን ቀን ግን አልሰማቸውም። እኩለ ቀን ላይ ከሃርስቶክ የመጣውን ጓንት ሰፊ፣ ኬኔልም ዋርድልን፣ አደባባይ አውጥተው ሁለት ጆሮውን ሊቆርጡት ነው። ጥፋቱ ጳጳሳቱን የሚዘልፍ ደብዳቤ ጽፎ አሳትሟል የሚል ነው። ሰውዬው ከዚያ ደብዳቤ አንዲት መስመር እንኳ እንዳልጻፈ አምብሮዝ ከማንም በላይ ያውቃል። የስሙን ፊደላት ከደብዳቤው ግርጌ ያስቀመጠው እሱ ራሱ ነውና።

ከማተሚያ ቤቱ ሲወጣ እመቤቱ ዶርካስ ፔምበር በሩ ላይ ይዛው ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማተሚያውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት።

«ሂድና እየው። ማልቀስም ካማረህ አልቅስ» አለችው። «አፍህን ከከፈትክ ግን የአራት ቤት ጉሮሮ ነው የምትዘጋው። ስማኝ፣ ባሌ ይኼን ማተሚያ ሲተውልኝ አንተንም አብሮ ነው የተወልኝ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን አላጣም።»

«ሰውዬው እኮ ምንም አላደረገም፣ እሜቴ።»

«እኔስ ምን አደረግሁ? የማተሚያ ቤቱን መሐላ አትርሳ።»

መሐላው ቀላል ነው። የብረት ፊደል ከሳጥን እየለቀሙ ገጽ የሚደረድሩት ፊደል ለቃሚዎች የሥራ ቦታቸውን «ጸሎት ቤት» ይሉታል፤ እዚያ ውስጥ ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደለቀመ፣ ከደጃፉ አይወጣም። መሐላውን ያፈረሰ ለቃሚ በከተማዋ ውስጥ ዳግመኛ ፊደል አይነካም። አምብሮዝ ደግሞ ከፊደል በቀር እጁ የሚያውቀው ሥራ አልነበረም።

ንጉሥ ቻርልስ ያለ ምክር ቤት በሚገዙበት በዚያ ዘመን እኛ ለንደኖች ሁላችንም የደብዳቤ ሰዎች ሆነን ነበር። ጳጳሳቱን በግልጽ የሚነቅፍ መጽሐፍ ማሳተም ለሥጋም ለነፍስም መከራ ነው። ስለዚህ ነቃፊው ሁሉ የሆነ ሰው ዘመድ ሆነ። አንዱ የገጠር ዘመድ ለለንደን የአጎቱ ልጅ ይጽፋል። ጤንነቱን ይጠይቃል፣ ስለ ድርቆሽ ዋጋ ያማርራል፣ ላሟ መውለዷን ያበስራል፤ ከዚያ ድንገት ነገሩን ወደ ጳጳሳቱ አዙሮ እስከ መጨረሻው መስመር ያወርድባቸዋል። ይኼ የአጎት ልጅ የተባለውን ሰው አይቶት የሚያውቅ የለም። ደብዳቤው ግን በየሽርጡ ስር፣ በየዓሣ ቅርጫቱ ውስጥ ይሸጣል።

ከሁሉም የተወደደው በቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ዙሪያ ስለ ተተከለው አጥር የተጻፈው ነበር። ጳጳሳቱ ሕዝቡ ቁርባን ሲቀበል አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ይቀበል ብለው አዝዘዋል፤ ደብዳቤው ደግሞ «ከብት ነን እንዴ በረት የሚሠራልን?» ይላል። የጻፈው ሰባኪው ሶመርስኬልስ ነው፤ በአንድ ባለጸጋ ቤት እየበላና እየሰበከ የሚኖር፣ ገጠር አድሮ የማያውቅ፣ ላም ከሩቅ የሚፈራ ሰው። እንደ ልማዱ ጽሑፉን ሲያመጣ ግርጌውን ባዶ ትቶት ነበር።

«ጅራቱን እናንተ ቀጥሉበት» ብሎ ሄደ።

ጅራት የሌለው ደብዳቤ አይሸጥም። አንባቢ ሰው ይፈልጋል፤ ከዚህ አገር፣ እገሌ፣ የተባለ ሰው። ጅራቱን የሚቀጥለው ለቃሚው ነው። አምብሮዝ አገሩን ሲያስብ ልጅ ሳለ በእግሩ ያለፈባት ሃርስቶክ ትዝ አለችው፤ የገበያ ቀን ነበረና ደስ ብላው ነበር። ስሙን ለመምረጥ ወደ ፊደል ሳጥኑ ዞረ። ገጹ ረጅም ስለነበር ብዙው ክፍል ተራቁቷል። የኬ ክፍል ብቻ ሙሉ ነበር። በእኛ ቋንቋ ኬ የምትጠራው በስንት አንዴ ነውና ሁልጊዜም ሙሉ ነው። ከአጠገቧ ጥቂት ደብልዩዎችም ተርፈው ነበር። «በኬ የሚጀምር ስም ያለው ማን አለ?» አለ አምብሮዝ ለራሱ። «ማንም። ደህና ነው።» ኬ. ደብልዩ ብሎ ፊደሎቹን በፍሬም ቆልፎ ወደ ምሳው ሄደ።

እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ ለቃሚ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የተለመደ ስም ይመርጥ ነበር፤ በተለመደ ስም ከአንድ አገር መቶ ሰው ይገኛል፣ ከመቶ ሰው ማንን ያስራሉ? ሃርስቶክ ውስጥ በኬ የሚጀምር ስም ያለው ግን አንድ ሰው ነበር፤ አባቱ ከአያቱ ወርሶ ያወጣለት፣ የሰፈር ልጆች የሚስቁበት ስም። የጳጳሱ ሰዎች ወርደው ሲጠይቁ አገሬው ሁሉ ጣቱን ወደ አንድ ቤት ቀሰረ። የክፋቱ ክፋት ደግሞ ጓንት ሰፊው ጉልበቱን ታሞ አጥሩ ሥር መንበርከክ አልችልም ብሎ አጉረምርሞ ነበር።

ዳኞቹ ፊት ሲቀርብ «ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፍ ግን ማንም አላስተማረኝም» አላቸው። እንዲፈርም ብዕር ቢሰጡት በፊርማ ፈንታ እንደ ሙያ ባልደረቦቹ ትንሽ መቀስ ሣለ። ዳኞቹ ሳቁ። መጻፍ የማይችል እስከ መምሰል የደረሰ ተንኮለኛ ነው ብለው ፈረዱበት።

አምብሮዝ እስር ቤቱ ሲደርስ በሩ በጠያቂ ተጨናንቋል። ሴቶች ትኩስ የሥጋ ኬክ፣ ጠላ፣ የሱፍ ካልሲ ይዘው ቆመዋል። ጠባቂው ከያንዳንዱ ዘግኖ ያስገባል። ውስጥ ዋርድል በክፍሉ ባለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሽማግሌ ሊባል የቀረበ፣ ጣቶቹ በመርፌ የጠነከሩ፣ ጆሮዎቹ ትልልቅ የሆኑ ሰው። አምብሮዝ ጆሮዎቹን ላለማየት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሚስቱ ቶማሲን ከጎኑ ቆማ የሱፍ ኮፍያውን በእጇ ታሻለች።

«ና ግባ ወንድሜ» አለ ዋርድል። «አንተስ ከየት ነህ?»

አምብሮዝ ጎንበስ ብሎ ለጆሮው «ከማተሚያ ቤቱ» አለው።

የዋርድል ፊት ፈካ። «ቶማሲን፣ እነዚህን ሰዎች ትንሽ ወደዚያ በይልኝ» አለና የአምብሮዝን እጅ ሳበ። «የጻፈውን ሰው ታውቀዋለህ? ስሙን አትንገረኝ፣ ቢያሰቃዩኝ እናገር ይሆናል። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። የት ነው ያወቀኝ?»

«እ... እርስዎን?»

«መጀመሪያ እኔ አይደለሁም ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ማን ይመነኝ? ከዚያ አንዱ ጠያቂ ደብዳቤውን ደብቆ አመጣልኝ። ልጄ፣ አነበብኩት። የልቤን ነው የሚለው! ጉልበቱ ለታመመ ሽማግሌ እንኳ ይሟገታል። ዕድሜ ልኬን ስናገር ሰው አፉን ከፍቶ አድምጦኝ አያውቅም፤ ይችም ቤቴ ያለችው ሰው ጭምር።» ወደ ሚስቱ በአገጩ አመለከተ። «አሁን ጌቶች ከለንደን ዳር እስከ ዳር መጥተው ከኔ ቃል ይጠብቃሉ። እና አሰብኩ። በእንግሊዝ ምድር ስንት ሰው አለ? ከሁሉ የኔን ስም መምረጡ በከንቱ አይደለም። አንድ ሰው አውቆኛል። ወይም እግዚአብሔር እጁን ይዞታል። ንገረኝ፣ ለምን እኔን መረጠ?»

አምብሮዝ በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ወደ ዳኞቹ እሄዳለሁ የሚል። ከዚያ ሁሉ አፉ ላይ የመጣለት እውነቱ ብቻ ሆነ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ሳጥኑ ሞልቶ ነበር።»

«የምን ሳጥን?»

«የፊደሉ። ኬ ብዙ አትሠራም፣ ሁልጊዜ ትተርፋለች። ደብልዩም ነበረች። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም፣ ወንድም ዋርድል። በእግዚአብሔር ስም፣ አላሰብኩም።»

የዋርድል ሰፋፊ ጣቶች ሳያውቀው ወደ ጆሮው ሄደው ጫፉን ያዙት።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም። አሁን ግን ወደ ዳኞቹ ሄጄ...»

«አትሄድም።»

«ጆሮዎን እኮ...»

«ጆሮዬን ዛሬ ይወስዱታል። አንተ ብትናገር አንተን ጨምረው ይቆርጣሉ እንጂ ተሳስተናል ብለው እኔን አይለቁም። ዳኛ ተሳሳትኩ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ስማኝ ልጄ። ለእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ ቢላውን እችለዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስጸልይ አድሬ እችለዋለሁ ብያለሁ። ለሳጥን ግን አልችለውም። ለሳጥን ነው ካልከኝ እንዴት ነው የምቆመው?»



«ውጣልኝ» አለ ዋርድል። «ምን ነበር ባትነግረኝ።»

ቶማሲን ተከትላው እስከ በሩ መጣች። «ምን አልከው? ፊቱ ጠፋ» አለችው።

«ምንም አላልኩትም፣ እናቴ።»

ደጅ ሲወጣ አምብሮዝ እፎይ አለ። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ አትናገር መባሉ ደረቱን ቀለል አደረገለት፤ መሐላውም አልፈረሰም፣ እንጀራውም አልጠፋም። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ራሱን ይቅር ሊል ያልቻለው በዚያች እፎይታ ነው።

አደባባዩ ላይ አንገትና ሁለት እጅ የሚቆለፍበት ሳንቃ ከፍ ብሎ ቆሟል። ዋርድል የሚራመድበት መንገድ ላይ ሴቶቹ አበባና መልካም ሽታ ያለው ቅጠል ነስንሰዋል። ሕዝቡ ሲያየው ባርኔጣውን አነሳ። ከእሱ በፊት እዚያ ሳንቃ ላይ ጆሯቸውን የሰጡት ሰዎች ፈገግ እያሉ፣ ለቆራጩ እየቀለዱ፣ ለሕዝቡ እየሰበኩ ነበር የሰጡት። ሕዝቡም የለመደው ያንን ነው፤ ያንኑ ሊያይ ሥራ ፈትቶ መጥቷል።

ሹሙ ፍርዱን አነበበና «ይህን ደብዳቤ ጽፈሃልን?» ብሎ ጠየቀ።

«ጽፌያለሁ!» አለ ዋርድል። ጥሩ አድርጎ ነበር ያለው፤ ሕዝቡ አጉረመረመለት። ከዚያ ዓይኑ በሕዝቡ መሐል ሲዞር አምብሮዝን አገኘውና እዚያው ቀረ። ሁለቱ ሲተያዩ ቆራጩ ቢላውን አነሳ።

ዋርድል ጮኸ። በመጀመሪያውም ጮኸ፣ በሁለተኛውም ጮኸ፤ ተዉኝ፣ ተዉኝ እያለ፣ እግሩን እያንፈራገጠ። ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ከአምብሮዝ ፊት የቆመ አንድ ልብስ ሰፊ ለጓደኛው «ይኼኛውስ ደከም ያለ ነው። ያለፉት እኮ ድምፅ አላሰሙም» አለ።

አምብሮዝ የልብስ ሰፊውን ትከሻ ያዘ፤ ያዘና ለቀቀው። ምን ይበለው? ዋርድል እስከ ጠዋት ድረስ የሚችለው ሰው ነበር። ያን ኃይል ከእጁ ያስጣለው አምብሮዝ ነው። ሹሙ ፍርዱን ሲጨርስ፣ እስረኛው ከእንግዲህ በስሙ አንዲት ቃል ቢያወጣ ሚስትም ወዳጅም ወደማይደርስበት የባሕር ደሴት ግንብ እንደሚጋዝ አሰምቶ ተናገረ።

ማተሚያ ቤት ሲመለስ ሰባኪው ሶመርስኬልስ ከዶርካስ ጋር ተቀምጦ አገኘው። ሰባኪው አልቅሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። በእጁ ደግሞ ቀለሙ ያልደረቀ ጽሑፍ ይዟል።

«አየኸው?» አለ ሰባኪው። «እንደ በግ ነው አሉ የቆመው።»

«ጮኸ» አለ አምብሮዝ።

«እሱን አንጽፈውም።» ጽሑፉን ዘረጋለት። «የኬ. ደብልዩ ሁለተኛ ደብዳቤ ከእስር ቤት። በቁስሉ ላይ ሆኖ ለአጎቱ ልጅ የሚጽፈው። ሳምንቱ ሳያልቅ ለንደን ሁሉ ያነበዋል።»

«መምህር፣ ሰውዬውን እኮ አንዲት ቃል ብታወጣ ደሴት እንልክሃለን ብለውታል። ቅድም ነው የተባለው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሰማዕት የራሱ አይደለም፣ አምብሮዝ። የሁላችን ነው።»

«ታዲያ በራስዎ ስም ለምን አይጽፉትም?»

ሶመርስኬልስ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው። «እኔ ብታሰር ሦስተኛውን ማን ይጽፋል?» አለ።

አምብሮዝ ወደ ዶርካስ ዞረ። «እሜቴ፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ።»

«ወረቀቱ ርሷል» አለች ዶርካስ፣ ወደ እሱ ሳታይ። ወረቀት ሳይርስ ቀለም አይቀበልም፤ ከራሰ ደግሞ ቶሎ ካልታተመበት ይሻግታል፣ ይጣላል። «እናንተ አደባባይ ስትንጋጉ እኔ ሳርስ ነው የዋልኩት። ሂድና ልቀም።»

አምብሮዝ ቆሞ ለቀመ። ደብዳቤው ያማረ ነበር፤ ይኼ ነው የሚያበሽቀው። ስለ ሕመም የሚለው አንጀት ይበላል። በላም የጀመረ ሰው እንዲህ መጻፍ መቻሉ ሲገርመው፣ እጁ ሳይቆም ግርጌው ላይ ደረሰ። ኬ ሙሉ ናት፤ እንደ ሁልጊዜው። እጁን ዘርግቶ መለሰው። ከዚያ ወደ ኤ ክፍል ሄደ። ኤ የሌለችበት መስመር የለምና ክፍሉ ተራቁቷል፤ ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ አፈላልጎ አንዲት አፍንጫዋ ያለቀ አገኘ። ከዚያ ኤል ጨመረ። ኤ. ኤል። አምብሮዝ ሊንጋርድ። አገሩንም ሃርስቶክ ሳይል ለንደን አለው።

ፍሬሙን ቆለፈው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበው።

ዶርካስ መጥታ ከላይ ቆመች። የተገለበጠ ፊደል እንደ ተቃና የምታነብ ሴት ናት። ግርጌው ላይ ስትደርስ ሁለቱን ፊደላት በጣቷ ነካቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችና «እጅህን ታጠብና ብላ» አለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ደክሞሃል። ዛሬ ቀሪውን እኛ እናትመዋለን፤ አንተ ቤትህ ግባ።»

አምብሮዝ የገባት መሰለው። እንዲያውም በመንገድ ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ሥራ ሲወርድ ዓሣ ሻጮቹ ዘንድ አንዲት አዟሪ ሽርጧን ገለጥ እያደረገች በሹክሹክታም በጩኸትም መሐል በሆነ ድምፅ ትጣራለች።

«የኬ. ደብልዩ! ከእስር ቤት! ሁለተኛውን ያላነበበ!»

ነጥቋት ግርጌውን አየ። ከዚያ እስከ ማተሚያ ቤቱ ሮጠ።

«ሁለት ፊደል ነች!» አለ በሩን ሳይዘጋ። «ሁለት ፊደል ብቻ ነች የለወጥኩት!»

«አዎ፣ ሁለት ፊደል ነች» አለች ዶርካስ። እርጥብ ወረቀት ገመድ ላይ እየሰቀለች ነበር። «በወስፌ ነቅዬ ጣልኳት። ምን ላድርግ ነበር? ኤ. ኤልን ማን ያውቀዋል? ማን ይገዛዋል? ደግሞ አንተን ጎትተው ቢወስዱህ የማንን ደጅ ይመስልሃል የሚያንኳኩት?»

«እሱን ገደሉት ማለት ነው።»

«አንተን ግን አልገደሉህም፤ አመስግነኝ።» አንድ ወረቀት ሰቀለች፤ ሌላ አነሳች። «ኬ እንደሆነች ሞልታለች።»

ትእዛዙ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። የጳጳሱ ሰዎች ሁለተኛውን ደብዳቤ ይዘው እስር ቤት ሄዱ፤ ዋርድል ጭንቅላቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከፊሉን ሳይሰማቸው፣ የሚሉትን ሁሉ አዎ አላቸው አሉ። ወደ ደሴቱ ግንብ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን አምብሮዝ ሥራ ላይ ሳለ የማተሚያ ቤቱ በር ተከፈተ። ቶማሲን ዋርድል ነበረች። ጓንት አላደረገችም፤ እጇ በብርድ ቀልቷል። እንዴት እንዳገኘቻቸው አልተናገረችም፣ ማንም አልጠየቃትም። ዶርካስ ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አምብሮዝ አንዲት ቃል ጠብቆ ቆመ። ስድብ ቢሆን፣ ጥፊ ቢሆን ዝግጁ ነበር፤ እንዲያውም ተመኘው።

«ባለቤትዎ እንዴት ነው?» አላት በመጨረሻ።

«ቁስሉ እየደረቀ ነው። ነገ መርከብ ላይ ይጭኑታል። እኔ እስከ ወደቡ ነው የተፈቀደልኝ።» ሻርፗን አጠበቀች። «አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው የመጣሁት። ያ ደብዳቤ፣ ሁለተኛው፣ አንድ ቅጂ ካለ ብዬ ነው። ከተማው ውስጥ አጣሁት፣ ሁሉም አልቋል አሉኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል፣ እናቴ?»

«ለኔ አይደለም፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ለሱ ነው። ደሴት የተፈረደብኝ በዚያ ነው ይላሉ፤ ከመሄዴ በፊት ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልወቅ ብሎኛል።»